የሚዘልብን ውሻ

በዕረፍት ቀናችሁ ወደ ሰናኢያ ስትመጡ የምታጫውቱን አብዛኛውን ጊዜ ስለ ደመወዝና ስለ ኢቃማ ነው። በቅርቡ ግን አንዲት እህታችን የአባያዋን እጅጌ ሰብስባ የተቧጨረ ክንዷን አሳየችን። አሠሪዎቿ ለልጆቻቸው ውሻ ገዝተዋል። ውሻው አይናከስም፤ ነገር ግን በር ከፍታ በገባች ቁጥር በኋላ እግሮቹ ቆሞ ይዘልባታል። አንድ ቀን ሻይ በትሪ ይዛ ወደ መጅሊስ ስትሄድ ዘለለባትና ብርጭቆዎቹ ተሰበሩ፤ ዋጋቸውም ከደመወዟ ተቆረጠ። «ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?» ስትለን ስለ ብርጭቆው የምንመልስላት አጣን። ስለ ውሻው ግን ጠያይቀን የተረዳነውን እነሆ።

ቀድሞ በሪያድ እንዲህ ያለ ችግር እምብዛም አይሰማም ነበር። በሐምሌ 2000 ዓ.ም. (በፈረንጆች 2008) የከተማዋ የሃይማኖት ፖሊስ ውሻና ድመት መሸጥንም ሆነ በአደባባይ ይዞ መዞርን ከልክሎ ነበር፤ ምክንያቱም ወንዶች በእንስሳቱ እያመካኙ ሴቶችን ያነጋግራሉ የሚል ነበር። ዛሬ ጊዜው ተለውጧል። በ2012 ዓ.ም. (በፈረንጆች ሰኔ 2020 ገደማ) በኮባር ከተማ ሰዎች ከነውሾቻቸው የሚገቡበት ቡና ቤት ተከፍቷል። ውሻ ቤት ውስጥ ሲገባ ደግሞ የሚያበላውና የሚያጸዳለት ማን እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ።

ለመሆኑ ውሻ ለምን ይዘላል? ቡችላ እናቱ ስትመጣ ምግብ ፈልጎ አፏን ይልሳል። ካደገም በኋላ ሰላምታው ወደ ፊት መጠጋት ነው፤ የእኛ ፊት ከላይ ስለሆነ ይዘላል። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንላለን፤ በበላበትም ይዘላል ማለት ነው። አገራችን ሳለን ውሻ ሲመጣብን ድንጋይ የምናነሣ መስለን ጎንበስ እንላለን፣ እሱም ይሸሻል። እዚህ ግን ጎንበስ ብትሉ ፊታችሁ ይቀርብለትና ይብስበታል። መጮህና በእጅ መገፍተርም ለእሱ ጨዋታ ነው። አንዳንዶች ደረቱን በጉልበት ምቱት ይላሉ፤ አትስሟቸው። የተጎዳና የፈራ ውሻ ሊነክስ ይችላል።

የሚሠራው ነገር ቀላል ሆኖ ትዕግሥት ይፈልጋል። ሲዘል እጃችሁን አጣጥፋችሁ ጀርባችሁን ስጡት፤ አትዩት፣ አታናግሩት። አራቱም እግሮቹ መሬት በነኩ ቅጽበት ዞር ብላችሁ በለሰለሰ ድምፅ አናግሩት፣ ከራሱ ምግብም አንዲት ፍሬ ስጡት። እንደገና ከዘለለ እንደገና ጀርባ። ከዚያ መቀመጥን አስተምሩት፦ ምግቡን አፍንጫው ላይ ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ግንባሩ ብትወስዱት አንገቱን ሲያቀና ቂጡ በራሱ ይወርዳል። ያን ጊዜ ቤቱ የሚጠቀምበትን ቃል፣ «ኢጅሊስ»ም ይሁን ሌላ፣ በሉና ስጡት። ቃሉን አትለዋውጡ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት መዝለሉ ሊብስ እንደሚችል አስቀድማችሁ እወቁ። እስከ ዛሬ ያዋጣው ነገር ስለቀረበት አብዝቶ ይሞክራል። እዚያ ላይ ተሸንፋችሁ ብታናግሩት፣ አብዝቶ መዝለል እንደሚያዋጣ ተማረ ማለት ነው። ትሪ ስትይዙ ግን ገና በሚማር ውሻ አትተማመኑ፤ እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ግቢ ውስጥ ይታሰር ብላችሁ ጠይቁ። ለባለቤቶቹም ይሻላል። በሐዲስ ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ እንዲታጠብ ታዟል፤ ለሶላት የተዘጋጀ እንግዳ ልብሱን የውሻ ምራቅ ቢነካው ሳያጥብ መስገድ ይቸግረዋል። ይህን አትናቁባቸው፤ እኛም ውሻ ቤተ ክርስቲያን እንዳይገባ የምንከለክል ሰዎች ነን።

ትልቁ ችግር ውሻው ሳይሆን የቤቱ ልጆች ናቸው። እናንተ ጠዋት ያስተማራችሁትን ልጁ ከትምህርት ቤት መጥቶ እያዘለለ፣ እየሳቀ ያፈርሰዋል። ስለዚህ ለማዳም ንገሩ፤ በክስ መልክ ሳይሆን «እንግዶችሽ ላይ እንዳይዘል ልጆቹም እኔም አንድ ዓይነት ብናደርግ ይተዋል» ብላችሁ። ልጆቹን አስተማሪ አድርጓቸው፤ ደስ ይላቸዋል። ቀኑን ሙሉ የተዘጋበት ውሻ ይበልጥ እንደሚዘልም አስረዱ። የሪያድ በጋ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍና አስፋልቱ መዳፉን ስለሚያቃጥል፣ የሚወጣው በማለዳ ወይም ከመሸ በኋላ ነው። ማን እንደሚያወጣው ግን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ አለበለዚያ ሳይታወቅ የእናንተ ተጨማሪ ሥራ ይሆናል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ጥርሱ ወይም ጥፍሩ ቆዳችሁን ከሰነጠቀ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡ፣ ውሻው መከተቡን ጠይቁ፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። በ937 ደውሎ ጤና ሚኒስቴርን ማማከር ይቻላል። ቁጣ ፈርታችሁ አትደብቁ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፣ ክትባቱ ግን በጊዜው ከተወሰደ ያድናል። ሰናኢያ ጋራዦች አካባቢ ለምታዩዋቸው ባለቤት አልባ ውሾች ደግሞ ይህ ትምህርት አይሠራም። ሳትሮጡ ቀስ ብላችሁ ራቁ።

ያቺ እህታችን ከሦስት ሳምንት በኋላ ደውላልን ነበር። በር ስትከፍት ውሻው ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል። ትንሹ ልጅ ላይ ግን አሁንም ይዘላል፣ ልጁም አሁንም ይስቃል። የብርጭቆው ገንዘብ አልተመለሰላትም።