ስም ያልወጣላቸው የእሳት እራቶች

ቡናማ ጠባሳ ያለበትን የቡና ቅጠል አንስታችሁ ጠባሳውን በጥፍር ጫር ብታደርጉት የላይኛው ሽፋን ላጥ ብሎ ይነሳል። ከሥሩ ነጣ ያለች ጠፍጣፋ አባጨጓሬ ትገኛለች። ከእንቁላሏ ከወጣችበት ሰዓት ጀምሮ ውጭውን አላየችም፤ በሁለቱ የቅጠል ሽፋኖች መካከል ያለውን ለምለም ክፍል እየበላች፣ ኩሷንም እዚያው እየጣለች አድጋለች። ስትደርስ ሽፋኑን ቀዳ ትወጣና ነጭ የሐር ድር ሠርታ ውስጡ ትለወጣለች። በመጨረሻ የምትበረው የእሳት እራት ብርማ ነጭ ናት፤ ርዝመቷ ከ3 ሚሊሜትር ብዙም አይበልጥም። ማሳ ውስጥ የሚውል ሰው እንኳ ትንኝ ናት ብሎ ያልፋታል።

እንዲህ ያሉ ደቃቅ የአፍሪካ የእሳት እራቶች ብዙዎቹ እስካሁን ሳይንሳዊ ስም የላቸውም። ከደቃቆቹም ተለቅ ካሉትም በየዓመቱ ጥቂቶቹ ይገለጻሉ። ለምሳሌ ናይሮቢ ከሚገኘው ኢሲፔ ከተባለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ጋር የሚሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 አክራፔክስ ከሚባለው ወገን ብቻ አምስት አዳዲስ ዝርያዎችን በአንድ ጽሑፍ አስመዝግበዋል። ዜናው ከባለሙያዎች ክበብ አይወጣም። ሦስት ሚሊሜትር ለምታህል ነፍሳት ስም መውጣቱ ለገበሬው ምን ይፈይዳል የሚል ጥያቄም ወዲያው ይነሳል። ብዙ እንደሚፈይድ የሚያሳየው የራሳችን ቡና ነው።

ሊውኮፕቴራ ኮፊኤላ የምትባለው የቡና ቅጠል ሰርሳሪ ስሟን ያገኘችው አፍሪካ ውስጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1842 ጌራን-ሜንቪል እና ፔሮቴ የተባሉ ተመራማሪዎች በካሪቢያን አንቲል ደሴቶች ቡና ስለሚያጠፋ ተባይ ሲጽፉ ነው የገለጿት። ቡና ግን የዚያ አገር ተክል አይደለም፤ ተባዩም ቡናውን ተከትሎ ከአፍሪካ ወገን እንደሄደ ይታመናል። ከጊዜ በኋላ በምሥራቅ አፍሪካ ቡና ላይ ተመሳሳይ ጠባሳ ሲታይ ባለሙያዎች ያንኑ የአንቲል ስም አምጥተው ለጠፉበት። እ.ኤ.አ. በ1940 ሁለት አፍሪካዊ ዝርያዎች ካፌይና እና ሜይሪኪ ተብለው ተገለጹ። እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ ብራድሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ባለሙያ ናሙናዎቹን አስተያይቶ፣ በአፍሪካ ኮፊኤላ ሲባል የኖረው በእርግጥ ሜይሪኪ መሆኑን አሳየ።

ለገበሬው ልዩነቱ ትልቅ ነው። ካፌይና እንቁላሎቿን በቅጠሉ ዋና ሥር ዳር በአንድ ረድፍ አስጠግታ ትደረድራለች፤ ሜይሪኪ በየቦታው ትበትናለች። ካፌይና ጥላ ያለበትን ቡና ትወዳለች፤ ሜይሪኪ ግን ፀሐይ የሚመታውን። ጥላ ዛፍ ጨምሩ ወይስ ቀንሱ ብሎ የሚመክር የግብርና ባለሙያ የትኛዋ እንደሆነች ካላወቀ ምክሩ ተባይ ሊያራባ ይችላል ማለት ነው። በኬንያ የቡና እርሻዎች ደግሞ ፀረ ተባይ መርጨት ሲበዛ አባጨጓሬዎቹን የሚያጠቁት ጥቃቅን ተርቦች አለቁና ሜይሪኪ ከቀድሞው በበለጠ ተስፋፋች። ተርቦቹም ቢሆኑ በስም እየተለዩ ነው የተጠኑት።

የኢትዮጵያ ቡና አብዛኛው በጥላ ሥር የሚበቅል ነው። በአገራችን የቡና ተባዮች ዝርዝር ውስጥ ካፌይና ሰፍራ ትገኛለች። የአረቢካ ቡና የተፈጥሮ ደን ያለው ግን እንደ ከፋ፣ ሸካና ሐረና ባሉ ቦታዎች ነው፤ ከቡና ጋር አብረው የኖሩ ነፍሳት በብዛት መፈለግ ያለባቸውም እዚሁ ነው ብዬ አምናለሁ። ደኑ ሲመነጠር የሚጠፋው ዛፉ ብቻ አይደለም።

አንድን ዝርያ አዲስ ነው ለማለት መንገዱ ረጅም ነው። ሌሊት ነጭ አንሶላ ተወጥሮ መብራት ይበራበታል፤ የእሳት እራቶቹ መጥተው ሲያርፉ በትናንሽ ብልቃጦች ይያዛሉ። ደቃቆቹ ቶሎ ስለሚደርቁ ሳይውሉ ሳያድሩ ከፀጉር ብዙም በማይወፍር መርፌ ተወግተው ክንፋቸው ይዘረጋል። ክንፍ ብቻውን ግን ያታልላል። ሁለት የማይዳቀሉ ዝርያዎች በመልክ አንድ ዓይነት ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ የእሳት እራቷ የሆድ ጫፍ ተቆርጦ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ይሞቃል፤ ሥጋው ሟሙቶ ጠንካራው የመራቢያ አካል ብቻ ይቀራል። እሱ በቀለም ተነክሮ በመስታወት ላይ ይዘረጋና በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ የመንጠቆዎቹና የእሾሆቹ ቅርጽ ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። ከአንድ እግሯ ደግሞ ዲኤንኤ ይወጣል፤ ለንጽጽር የሚነበበው ክፍል 658 ፊደላት ርዝመት አለው። ከዚያ በኋላ ነው ከባዱ ሥራ የሚመጣው፦ እስካሁን ከተገለጹት የቅርብ ዘመዶቿ ሁሉ ጋር አንድ በአንድ ማስተያየት።

እዚህ ላይ ነው አፍሪካዊው ተመራማሪ የሚቸገረው። የማስተያያ ናሙናዎቹ በአመዛኙ ለንደን፣ ፓሪስ፣ በርሊን ወይም ብራስልስ አጠገብ ባለው ቴርቩረን ናቸው። ኤድዋርድ ሜይሪክ የተባለው እንግሊዛዊ የትምህርት ቤት መምህር ብቻውን ወደ 14 ሺህ የሚጠጉ ዝርያዎችን ገልጿል፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ የአፍሪካ ናቸው። ሆድ መክፈት አይወድም ነበር፤ በእጅ መነጽር አይቶ በጥቂት መስመር ይጽፍ ነበር። ስለዚህ ዛሬ የእሱን ጽሑፍ ማንበብ አይበቃም፤ ናሙናው በአብዛኛው ያለበት ለንደን ድረስ መሄድ ወይም ከዚያ ፎቶግራፍ መለመን ያስፈልጋል።

የእንስሳት ስያሜ ዓለም አቀፍ ደንብ እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ ለሚወጣ ማንኛውም አዲስ የዝርያ ስም መለያ ናሙና፣ አብዛኛውን ጊዜ ሆሎታይፕ የሚባል አንድ ናሙና፣ በግልጽ እንዲጠቀስ፣ በየትኛው ስብስብና በየት አገር እንደሚቀመጥም እንዲጻፍ ያስገድዳል። የት ይቀመጥ የሚለውን ግን ለገላጩ ትቶታል። ክፍተቱን መሙላት የእኛ ድርሻ ነው። ኢትዮጵያ የጄኔቲክ ሀብት አጠቃቀምን የሚገዛ አዋጅ ቁጥር 482/1998 አላት፤ በዚሁ ጉዳይ ላይ የተደረሰው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ የናጎያ ፕሮቶኮልም አባል ናት። ከኢትዮጵያ ደን የተያዘች የእሳት እራት ናሙና ይዞ ለመውጣት ፈቃድ ሲሰጥ ሆሎታይፑ ተመልሶ አራት ኪሎ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሙዚየም እንዲቀመጥ፣ አንድ ኢትዮጵያዊ ተማሪም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሥራው ተካፋይ እንዲሆን ግዴታ ሊገባበት ይገባል። ሙዚየሙም ናሙናውን ከእርጥበትና ከብል የሚጠብቅ መሳቢያ፣ በጀትና ሥራዬ ብሎ የሚከታተል ባለሙያ ያስፈልገዋል። ሳጥኑ ተከፍቶ አቧራ ብቻ ከተገኘበት የመመለስ ጥያቄያችን ሰሚ አያገኝም።

የስምን ዋጋ በቅርቡ በመጤው ተምች አይተነዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 አፍሪካ ገብቶ በዓመቱ ኢትዮጵያ ሲደርስ፣ አሜሪካ ውስጥ ከ200 ዓመት በላይ በስም የታወቀ ስለነበር ምን እንደሚበላና እንዴት እንደሚራባ ከመጀመሪያው ወር ማንበብ ተችሏል። ስም ከሌለው የአገራችን ተባይ የሚነሳ ወረርሽኝ ግን እንዲህ ያለ የተዘጋጀ እውቀት አይጠብቀውም።

ለጅማ የቡና ተመራማሪዎችና ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጅማሬው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ጠባሳ ያለበትን የቡና ቅጠልም ሆነ በደኑ ውስጥ ያሉ የቡና ዘመዶችን ቅጠል ለቅሞ፣ እያንዳንዱን ለየብቻ በጨርቅ በተከደነ ብልቃጥ ማስቀመጥ፣ ቦታውን፣ ቀኑንና የተክሉን ስም በወረቀት ጽፎ መለጠፍ ይበቃል። ከአንዱ ብልቃጥ የእሳት እራት ይወጣል፤ ከሌላው አባጨጓሬዋን የበላ ተርብ። በመብራት የተያዘች የእሳት እራት ምን በልታ እንዳደገች አትናገርም፤ በዚህ መንገድ የወጣችው ግን ከተክሏና ከጠላቷ ጋር ተያይዛ ትመዘገባለች።