ቫሮዋን የሚቋቋም ንብ ከየት ይመጣል?

እ.ኤ.አ. በ1999 የስዊድን ተመራማሪዎች በጎትላንድ ደሴት 150 ኅብረ ንብ አሰፈሩና ቫሮዋ የተባለውን ጥገኛ ቅንቅን ሆን ብለው ለቀቁባቸው። ከዚያ በኋላ መድኃኒት የሚባል ነገር አልሰጧቸውም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት አለቁ። የተረፉት ግን ከነቅንቅናቸው መኖር ቀጠሉ። ንብ አናቢዎችን ለአሥርት ዓመታት ያከራከረውም ይኸው ነው፦ ንብን ማከም ይሻላል ወይስ ራሱን እንዲችል መተው?

ቫሮዋ ጥንቱን የእስያ ንብ ጥገኛ ነበር። እዚያ በአብዛኛው የሚራባው በድንጉላ እጭ ላይ ብቻ ስለሆነ ጉዳቱ የተገደበ ነው። ወደ እኛ ማር ሰጪ ዝርያ ከተሻገረ በኋላ ግን በሠራተኛ ንቦች እጭ ላይም መራባት ጀመረ። ከንብ ዝውውር ጋር ተጉዞ በ1987 አሜሪካ፣ በ1992 ብሪታንያ፣ በ1997 ደቡብ አፍሪካ ታየ። በ2022 የገባባት አውስትራሊያ ልታጠፋው ብትሞክርም በቀጣዩ ዓመት ጥረቱን አቆመች።

እናቲቱ ቅንቅን የእጩ ክፍል በሰም ሊከደን ሲል ሾልካ ትገባለች፤ በሙሽሬው ላይ እየተመገበች ትወልዳለች። ክንፍ የሚያጣምም ቫይረስም ታዛምታለች። አናቢው መድኃኒት ይጠቀማል፤ ቅንቅኑ መድኃኒቱን ይለምዳል፤ ቅሪቱም ሰም ውስጥ ይጠራቀማል። ከሁሉ የከፋው ግን ሕክምናው ደካማውን ዘር ከጠንካራው እኩል ማቆየቱ ነው።

በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲዋ ማርላ ስፒቫክ የታመመ እጭ አሽትተው፣ ክዳኑን ከፍተው የሚያስወግዱ ንቦችን መርጠው አራብተዋል። የጎትላንድ ንቦች መንገድ ሌላ ነው፤ በእነሱ ቀፎ ቅንቅኑ እንደ ልቡ አይራባም። ችግሩ ንግሥቲቱ አየር ላይ ከብዙ ድንጉላዎች ጋር መገናኘቷ ነው፤ ጎረቤት ሌላ ዘር ካረባ የተለፋበት ጠባይ ይሳሳል። ስለዚህ ዘር ማሻሻል የአንድ ሰው ሥራ ሊሆን አይችልም። በአንድ ጊዜ ሕክምና ማቆምም ቢሆን በቀፎው የሚተዳደረውን ገበሬ ባዶ እጁን ያስቀራል።

የአፍሪካ ታሪክ ተስፋ ይሰጣል። በደቡብ አፍሪካ አብዛኛው ንብ ሳይታከም ቀርቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቅንቅኑን ተቋቋመ። በኬንያም በ2014 የወጣ ጥናት ቅንቅኑ በብዙ ቦታ ቢገኝም የኅብረ ንቡን ብዛት እንዳልቀነሰ አሳይቷል።

ቫሮዋ ኢትዮጵያም ገብቷል። የእኛ አናቢ ግን ቀፎውን አጥኖ ዛፍ ላይ ይሰቅላል፤ ከዱር የመጣ መንጋ ይገባበታል። ይህ ልማድ ተፈጥሮ የመረጠችው ንብ ሳይቋረጥ ወደ ቀፎ እንዲገባ አድርጓል። ምርት ይጨምራል ተብሎ የውጭ ንግሥት ማስገባት ይህን ሀብት መበረዝና አዲስ በሽታ መጋበዝ ነው። ቀፎውን ዘመናዊ እናድርግ፤ ንቡ ግን የአገሩ ይሁን። ጫካውም ይጠበቅ፤ መንጋው የሚመጣው ከዚያ ነውና።