ሌንሱን ከመግዛታችን በፊት ሳሎኑን እንለካ

ፎቶ ማንሳት የሚወዱ ወጣቶች «የትኛውን ሌንስ ልግዛ?» እያሉ ደጋግመው ይጠይቁናል። እኛም መልሰን «ምን ልታነሱበት ነው?» እንላቸዋለን። መልሱ «ለዒድ ቤተሰብ ሲሰበሰብ» ከሆነ፣ ወደ ሱቅ ከመሄድ በፊት የሳሎኑን ስፋት መለካት ይቀድማል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሌንሱ ላይ የተጻፈው ሚሊ ሜትር ሲያንስ ካሜራው ሰፊ ቦታ ያያል፤ ሲበዛ ደግሞ ሩቁን ያቀርባል። ብዙ ጀማሪዎች የሚይዟቸው ካሜራዎች ምስል የሚቀበሉበት ገጽ ከድሮው የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ስለሚያንስ፣ 50 ሚሊ ሜትር የተባለው ሌንስ በእነርሱ ላይ ሲገጠም ከ75 እስከ 80 እንደሆነ ያህል ያጠብባል። 3 ሜትር የሚሰፋ የቤተሰብ ረድፍ በዚህ ሌንስ ለማንሳት ወደ 7 ሜትር ገደማ ማፈግፈግ ግድ ነው። ይህን ያህል ሳሎን ያለው ስንቱ ነው? ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠውና ብዙዎች የሚንቁት ከ18 እስከ 55 ያለው ዙም ግን 18 ላይ ሲደረግ 2 ሜትር ተኩል ይበቃዋል። ስለሆነም ሌላ ለመግዛት ሲባል እርሱን መሸጥ አይመከርም።

በ18 ግን አያትን በክንድ ርቀት ማንሳት አይገባም፤ በጣም ስለምንቀርብ አፍንጫቸው ገዝፎ ይወጣል። ለአንድ ሰው ፊት 50ው ይሻላል። የኤፍ ቁጥር ሲያንስ የብርሃኑ ቀዳዳ ስለሚሰፋ፣ ኤፍ 1.8 ከኤፍ 5.6 ይልቅ ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። በአንዲት አምፖል በሚበራ ክፍል ውስጥ ያለ ፍላሽ ለማንሳት ይህ ትልቅ ነገር ነው። በእርግጥ ዓይን ጠርቶ ጆሮ ሊደበዝዝ ይችላል፤ እኛ ግን እንዲያውም እንወደዋለን።

ያገለገለ ሌንስ የሚገዛ ሰው መስታወቱን ወደ ብርሃን አቅንቶ በውስጡ ይመልከት። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ክር ካየ ሻጋታ ነውና ይተወው።

ውድ አንባቢያን፣ ከሌንሱ ይልቅ የሚያሳስበን ፎቶውን ማካፈሉ ነው። በሰርግ ቀን በሴቶች ክፍል እህቶች ሒጃባቸውን አውልቀው ይነሳሉ። አንሺዋም ሴት ናትና ማንም አይከፋም። በማግስቱ ግን ፎቶው በቴሌግራም ለአንዲት ዘመድ ይላካል፤ ዘመዷ ለጓደኛዋ፣ ጓደኛዋ ለወንድሟ ታሳያለች። «ስትነሳ ፈቅዳለች» የሚለው መልስ አያዋጣም፤ ለመነሳት መፍቀድ አንድ ነገር ነው፣ ለመላክ መፍቀድ ሌላ ነው። አማናው በመጀመሪያ ያለው ካሜራውን በያዘችው እጅ ነው።

ሌላም አለ። ፎቶን በፋይል መልክ መላክ ጥራቱን ይጠብቃል፤ ይሁን እንጂ ስልኩ ሲያነሳ ቦታ እንዲመዘግብ ተፈቅዶለት ከነበረ የቤቱን አድራሻ ጭምር ይዞ ሊሄድ ይችላል። የልጆች ፎቶ ከመላኩ በፊት ይህን ማጥፋት ያሻል።

እኛ ማሳተምን እንመርጣለን። 10 በ15 ሳንቲ ሜትር ለሆነች ፎቶ 2 ሚሊዮን ነጥብ ያህል ስለሚበቃ ውድ ካሜራ አያስፈልግም። እህቲቱ «ይህቺ ትጥፋልኝ» ካለች እዚያው ፊቷ ላይ ማጥፋት፤ የወደደቻትን ደግሞ አሳትሞ፣ በፖስታ አሽጎ፣ በእጇ መስጠት ነው።