ከመግሪብ እስከ ዒሻ፦ የልጆቻችን እራት

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። 

በጭሮ (አሰበ ተፈሪ)፣ በሂርና፣ በገለምሶና በበዴሳ ብዙ እናቶች ቀኑን በገበያ ይውላሉ። ጫቱና ሽንኩርቱ ተሸጦ ቤት ሲደርሱ የመግሪብ አዛን ይሰማል። ዒሻ እስኪገባ ያለው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በዚህ ጥድፊያ ሻይ ይፈላል፤ ልጅም ዳቦ በሻይ በልቶ ይተኛል። አንድ ምሽት ቢሆን አይጎዳም። በየምሽቱ ሲሆን ግን ሆድ ይሞላል እንጂ ሰውነት አይገነባም። እ.ኤ.አ. በ2019 በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 37ቱ ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት ያላገኙ ነበሩ። ይህ መቀንጨር የሚባለው ነው።

ሻይም ሆነ ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጣ ሰውነት ከእህሉ የሚያገኘውን ብረት ይቀንሳል። ስለዚህ ለልጅ ከእራት ጋር ውሃ ወይም የተፈላ ወተት ይሻለዋል።

ታዲያ በአጭር ጊዜ ምን ይሠራ? ሁሉም ከገበያችን የሚገኝ ነው።

አንደኛ፦ ምስር። መዘፍዘፍ አያሻውም፤ ክኩ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይበስላል። በሽንኩርትና በቲማቲም ተሠርቶ በማሽላ እንጀራ ይበላል።

ሁለተኛ፦ ሽሮ በጎመን። ሽሮው ሊወርድ ሲል በደቃቁ የተከተፈ ጎመን ይጨመርበታል። ለልጅ በርበሬው ይቀነስ።

ሦስተኛ፦ እንቁላል። በደንብ የበሰለ አንድ እንቁላል ከቲማቲም ጋር በእንጀራ ሲፈረፈር ጥሩ እራት ነው።

አራተኛ፦ ስኳር ድንች። ከነልጣጩ ተቀቅሎ ይላጣል። ስድስት ወር ለሞላው ሕፃን በወተት ተፈጭቶ ይሰጠዋል፤ የእናቱ ጡት ግን አይቋረጥበትም።

ቦሎቄ የምትወዱ ከሱብሒ በኋላ ዘፍዝፉት። ማታ የተዘፈዘፈበትን ውሃ ድፉና በአዲስ ውሃ በደንብ ቀቅሉት።

ይህ ሥራ የእናት ብቻ አይደለም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በቤታቸው ቤተሰባቸውን ያግዙ እንደነበር፣ የሰላት ጊዜ ሲደርስም ወደ ሰላት ይወጡ እንደነበር ነግረውናል፤ ቡኻሪ ዘግበውታል። አባት ሽንኩርት ቢልጥ፣ እሳት ቢያቀጣጥል ክብሩ አይቀንስም። የቤተሰብ ቀለብም በእርሱ ላይ ግዴታ ነው። ለጫት ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ እንኳ ለእንቁላልና ለወተት ቢውል፣ ለልጁ አካል ይሆናል፤ ኒያው ካማረም ለአባት ሰደቃ ሆኖ ይጻፍለታል።

«ሰላት ያመልጠናል» ብለው ልጁን ሳያበሉ የሚጣደፉም አሉ። በቡኻሪና በሙስሊም እንደተዘገበው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እራት ከቀረበና ኢቃም ከተደረገ በእራቱ እንዲጀመር አዘዋል። ዑለማዎች ምክንያቱን ሲያስረዱ ልብ በሰላት ውስጥ ወደ ምግብ እንዳይባክን ነው ይላሉ። ይህ ግን ሰላትን ከወቅቱ ለማሳለፍ ፈቃድ አይደለም።

በመጨረሻም አብረን እንብላ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በእጃቸው ያደገውን ትንሹን ዑመር ኢብን አቢ ሰለማን እጁ በሳህኑ ውስጥ ሲዞር አይተው፣ ቢስሚላህ እንዲል፣ በቀኝ እጁና ከፊቱ ካለው እንዲበላ አስተማሩት። ይህ አደብ ጥቅሙ ብዙ ነው። የትንሹ ድርሻ ከፊቱ ተለይቶ ሲቀመጥለት ታላላቆቹ አይቀድሙትም፤ እናቱም ምን ያህል እንደበላ ታያለች። እጅ በሳሙና መታጠቡም አይረሳ።

አላህ ልጆቻችንን ጤነኛና ሷሊሕ ያድርግልን፤ በሲሳያችንም በረካ ይጨምርልን። አሚን።