የአሥር ዶላር ስዊች

ዳካ በሚገኘው የባንግላዴሽ ብሔራዊ ባንክ ውስጥ መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል አለች። አገሪቱ ኒውዮርክ ያስቀመጠችውን የውጭ ምንዛሪ የምታዘው ከዚህች ክፍል ነበር። እያንዳንዱ የገንዘብ ዝውውር በማተሚያ እየታተመ ይወጣል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2016፣ ዓርብ ጠዋት፣ ሠራተኞች ሲገቡ ግን ማተሚያው አንዲት ወረቀት እንኳ አላወጣም። ማተሚያ የማይበላሽበት መሥሪያ ቤት የት አለና? ማንም አልደነገጠም።

ማተሚያውን ዝም ያሰኙት ሌቦች ነበሩ። በዋዜማው ሌሊት በባንኩ ስም 35 የክፍያ ትእዛዞች ልከዋል፤ ድምሩ 951 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። አብዛኞቹ ኒውዮርክ ላይ ታገዱ። ወደ ስሪላንካ የሄደው 20 ሚሊዮን «ፋውንዴሽን» የሚለውን ቃል በትክክል መጻፍ ያቃተው ሌባ አጋልጦት ተመለሰ። 81 ሚሊዮኑ ግን ማኒላ ደርሶ፣ አብዛኛው በቁማር ቤቶች በኩል ደብዛው ጠፋ።

መርማሪ ፖሊሶች በኋላ ያወጡት ነገር ከዘረፋው ባልተናነሰ አስገረመ። ባንኩ ፋየርዎል፣ ማለትም ወደ ኔትወርኩ የሚገባውንና የሚወጣውን የሚያጣራ ዘበኛ፣ አልነበረውም። ከዓለም አቀፉ የክፍያ መስመር ጋር የተያያዙት ኮምፒውተሮች የሚገናኙት በ10 ዶላር በተገዙ ያገለገሉ ስዊቾች ነበር።

ስዊች የአንድ ቢሮ ኮምፒውተሮች የሚያያዙበት ሳጥን ነው። ርካሹም ውዱም መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ሁለቱም ኢንተርኔት ያደርሳሉ። ልዩነቱ የሚታየው ክፉ ቀን ሲመጣ ነው። ውዱ ኔትወርኩን እንደ ቤት በግድግዳ ይከፋፍላል፤ የእንግዳ መቀበያው ኮምፒውተር የግምጃ ቤቱን እንዳያይ ያደርጋል። ርካሹ ሁሉንም አንድ አዳራሽ ውስጥ ያጉራል፤ በአንድ ሠራተኛ ኮምፒውተር የገባ ሌባ ወደ ሌሎቹ ለመድረስ ግድግዳ አያግደውም። የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ክስ እንደሚለው፣ ሰርጎ ገቦቹ ሥራ ፈላጊ መስለው ለባንኩ ሠራተኞች ኢሜይል መላክ የጀመሩት ከዘረፋው አንድ ዓመት አስቀድመው፣ በ2015 መጀመሪያ ነው።

በግዥ ክፍሉ መሳቅ ቀላል ነው። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ የሚያሸንፍበትን ጨረታ የሚያውቅ ሰው ግን ብዙም አይስቅም። የአይቲ ኃላፊው በጀት ስብሰባ ላይ ተነሥቶ የሚጠይቀው ምንም ነገር እንዳይከሰት የሚወጣ ገንዘብ ነው፤ ከጎኑ ያለው ደግሞ መኪና ይጠይቃል፤ መኪናው ይታያል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ከዘረፋ በኋላ ብር የሚከለክል የለም። ለባንግላዴሹ ባንክ ገዥ ለአቲዩር ራህማን ግን ዘግይቶ ነበር፤ በማርች 2016 ሥራቸውን ለቀቁ።

ታዲያ ስንት ይበጀት? በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ሎውረንስ ጎርደንና ማርቲን ሎብ በ2002 አንድ ስሌት አቅርበዋል። አንድ ድርጅት ቢጠቃ 10 ሚሊዮን ብር ያጣል፣ የመጠቃት ዕድሉም ከአሥር አንድ ነው እንበል። የሚጠበቀው ኪሳራ 1 ሚሊዮን ይሆናል። በስሌታቸው መሠረት ለመከላከያ ከዚህ 37 በመቶ፣ ማለትም ከ370 ሺህ ብር በላይ ማውጣት ብዙ ጊዜ አያዋጣም። ዕድሉን በትክክል መገመት ከባድ ነው፤ ቢሆንም ክርክሩን ከፍርሃት ወደ ሒሳብ ያመጣዋል።

ግዥው ደግሞ የወጪው መጀመሪያ ብቻ ነው። የፋየርዎል ፈቃድ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ካልታደሰ የዘንድሮን ሌባ መልክ የማያውቅ ዘበኛ ይሆናል። የሚከታተለው ባለሙያም ደመወዝ ይፈልጋል።

በጀት መጽደቁም ብቻውን አያድንም። የዴንማርኩ የመርከብ ኩባንያ ሜርስክ የደህንነት ማሻሻያ በጀት ጸድቆለት እንደነበር፣ ሥራው ግን ለኃላፊዎቹ ጉርሻ ስለማይቆጠር ወደ ኋላ እንደቀረ ዋየርድ መጽሔት ዘግቧል። በጁን 27 ቀን 2017 «ኖትፔትያ» የተባለው ቫይረስ ገባ። ኩባንያው 4,000 ሰርቨሮችንና 45,000 ኮምፒውተሮችን እንደ አዲስ ማደራጀት ግድ ሆነበት፤ ኪሳራውን እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ገመተው።

መላ ኔትወርኩን ለመመለስ የሚያስፈልገው መረጃ በየአገሩ ባሉ ሰርቨሮች ላይ ጠፍቶ፣ አንድ ቅጂ ብቻ ጋና ተገኘ። ቫይረሱ ሲዛመት እዚያ መብራት ሄዶ ሰርቨሩ ጠፍቶ ነበር። መረጃውን የጥገናው ሥራ ወደሚካሄድበት እንግሊዝ በኢንተርኔት እንዳይልኩት መስመሩ ቀጭን ሆነባቸው፤ ሰው እንዳይልኩ ደግሞ ከጋና ሠራተኞች የእንግሊዝ ቪዛ ያለው አልተገኘም። አንዱ ሠራተኛ ዲስኩን ይዞ ናይጄሪያ በረረ፤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ለባልደረባው አስረከበው፤ ባልደረባውም ለንደን አደረሰው።