አምፖሉ ታደለ፤ ኃይሉስ ተቆጠበ?

ሽሮ ሜዳና አዲሱ ገበያ የምትኖሩ፣ ያ የመብራት ፈረቃ ዘመን ትዝ ይላችኋል? መብራት ኃይል ጉልበት ቆጣቢ አምፖል በነፃ ያደለው ያኔ ነው።

«ይህን ያህል አምፖል ታደለ» የሚል ሪፖርት ሥራውን እንጂ ውጤቱን አያሳይም። ውጤቱ ቆጣሪው ላይ ነው። ቆጣሪም ብቻውን ያሳስታል፤ በፈረቃ ወር ንባቡ የሚወርደው መብራት ስለጠፋም ጭምር ነው። ስለዚህ አምፖል የወሰደውን ደንበኛ፣ በዚያው ወር ካልወሰደ ተመሳሳይ ደንበኛ ጋር ማነጻጸር ግድ ይላል።

የዓለም ባንክ በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት በዚያ ሥርጭት በመጀመሪያው ዙር የታደሉትን 350 ሺህ አምፖሎች መረመረ። ቅናሹ በደንበኛ በወር ከ45 እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሆኖ ተገኘ። ደስ ይላል። ግን ሥርጭቱ ካበቃ በ18 ወር ውስጥ ከቁጠባው 20 በመቶ ያህሉ ጠፋ፤ ይህ የታወቀው ተመልሶ የሚለካ ስለነበረ ነው።

እኔ እንዲህ ያለ ቁጥር ሳይ የእጅ ሒሳብ እሠራለሁ። 60 ዋት አምፖል በ11 ዋት ቢተካና በቀን 5 ሰዓት ቢበራ፣ ቁጠባው በወር 7.4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። 45 ለመድረስ ስድስት ያህል አምፖል ይጠይቃል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ በአንድ ሰዓት 3 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ይበላል፤ ስለዚህ የንባቡ ለውጥ ከአምፖሉ ሌላ ከምጣዱም ሊመጣ ይችላል።

እዚህ ጉለሌ በአንድ ቆጣሪ ሦስት አራት ተከራይ የሚጠቀምበት ግቢ ሞልቷል። ግምገማ የምትሠሩ ባልደረቦቼ፣ እባካችሁ ቢል ከመሰብሰባችሁ በፊት በግቢው ስንት ቤተሰብ፣ ስንት ምጣድ እንዳለ ጠይቁ።