አሜሪካ ውስጥ የእንስሳት ሐኪም ለመሆን የሚያስገባው በር

በኢትዮጵያ የእንስሳት ሕክምና መማር የሚመኝ ልጅ ትልቁ ፈተናው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። ውጤቱ ከመጣለት ቢሾፍቱ፣ ጎንደር ወይም ሐረማያ ይገባና ከዓመታት በኋላ ዶክተር ተብሎ ይመረቃል። አሜሪካ ላይ ነገሩ እንዲህ አይደለም። ተማሪው መጀመሪያ ኮሌጅ ገብቶ የተወሰኑ ኮርሶችን ይጨርሳል፤ ከዚያ አራት ዓመት ለሚፈጀው የዶክትሬት ትምህርት እንደ አዲስ ያመለክታል። በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድ፣ በቴክሳስና በሚኒሶታ የሚያድጉ ልጆቻችን የሚጠብቃቸው ይህ በር ነው። በሩ ከውጤት ሌላ የሚጠይቀው ነገር ስላለ ቀድሞ ያላወቀው ቤተሰብ ይዘናጋል።

ስለ ኮርሶቹ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፣ ባዮኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ፣ ስታቲስቲክስና የእንግሊዝኛ ጽሑፍ የትም ቢኬድ አይቀሩም ማለት ይቻላል። ጄኔቲክስና ማይክሮባዮሎጂ የሚጨምሩም አሉ። ተማሪው በየትኛው የትምህርት ክፍል እንደተማረ አይጠየቅም፤ ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያ ዲግሪውን እስኪጨርስ እንኳ አይጠብቁም። ጂአርኢ የሚባለውን ፈተናም አብዛኞቹ ትተውታል። ግን ዝርዝሩ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል፤ ዓመታት ያለፋቸውን ኮርሶች የማይቀበሉም አሉ። ስለዚህ ልጁ ኮሌጅ በገባበት ዓመት የሚፈልጋቸውን ሦስት ወይም አራት ትምህርት ቤቶች መርጦ የእያንዳንዳቸውን መስፈርት ጎን ለጎን ቢያስቀምጥ ኋላ ከብዙ ጣጣ ይድናል።

ከባዱ ሰዓቱ ነው። አመልካቹ ከእንስሳት ጋር ያሳለፈውን ጊዜ በሁለት ከፍሎ እንዲያስመዘግብ ይጠየቃል። አንደኛው በእንስሳት ሐኪም ሥር ሆኖ የሠራው ነው፦ በክሊኒክ፣ በእርሻ፣ በምርምር ላቦራቶሪ ወይም በዱር እንስሳት ማዕከል። ሁለተኛው ሐኪም በሌለበት ከእንስሳት ጋር የሠራው ነው፦ በእንስሳት መጠለያ ማገልገል፣ ፈረስ መንከባከብ፣ ከብት ማርባት። የት እንደሠራ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ የበላዩ ማን እንደነበረ ሁሉ ይጻፋል። ጥሩ ተወዳዳሪ የሚባሉት ብዙ መቶ ሰዓት ይዘው ይመጣሉ፤ ከሺህ የሚያልፉም ጥቂት አይደሉም። ይህን ያህል ሰዓት ደግሞ በአንድ ክረምት ተሯሩጦ አይሰበሰብም። አፓርታማ ውስጥ ያደገ፣ ቤቱ ውሻም ድመትም ያልነበረ ልጅ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ላይ እያለ በሰፈሩ መጠለያ በረት ከማጽዳት ቢጀምር እሰየው ነው።

እዚህ ላይ ከልቤ የምለው አለኝ። ከአገር ቤት የመጡ ወጣቶች ከብት መጠበቃቸውን፣ ላም ማለባቸውን፣ የታመመ በግ አድረው መንከባከባቸውን ማመልከቻ ላይ ለመጻፍ ያፍራሉ። አትፈሩ፤ ጻፉት። ከብት ማርባትና መንከባከብ በሁለተኛው ዓይነት ልምድ ይቆጠራል። ለበሬና ለላም የሚሰለፍ ሐኪም በአሜሪካ ገጠር በሚፈለግበት በዚህ ጊዜ፣ ከጥጃ ጋር ያደገ ልጅ ከተሜው እኩያው የሌለውን ይዞ ነው የሚቀርበው።

ሰዓቱ ሌላም ጥቅም አለው። ማመልከቻው ቢያንስ ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ ይፈልጋል፤ አንዱን የእንስሳት ሐኪም እንዲጽፈው ብዙ ትምህርት ቤቶች ይጠይቃሉ። ልጁን ሁለት ቀን ብቻ ያየ ሐኪም ምን ብሎ ይጽፋል? ደም ሲያይ እንዴት እንደሆነ፣ ውሻው የሞተበትን ሰው እንዴት እንዳናገረ መመስከር የሚችለው ወራት አብሮት የሠራ ነው።

ማመልከቻው ቪኤምካስ በሚባል የጋራ ሥርዓት ይገባል፤ የቴክሳስ ትምህርት ቤቶች የራሳቸው መንገድም አላቸው። የቪኤምካስ መዝጊያ ብዙ ጊዜ ሴፕቴምበር አጋማሽ ላይ፣ ከእንቁጣጣሽ ጥቂት ቀናት በኋላ ነው። የመኖሪያ ግዛትም ትልቅ ክብደት አለው፤ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለግዛታቸው ነዋሪ ቦታ ይይዛሉ፣ ክፍያም ይቀንሳሉ። በዋሽንግተን ዙሪያ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ይህ መልካም ዜና ነው፤ የቨርጂኒያ-ሜሪላንድ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የሁለቱንም ግዛቶች ልጆች እንደ ነዋሪ ይቀበላል። ዋናው ግቢ ብላክስበርግ ቢሆንም የፈረስ ሕክምና ማዕከሉ ሊስበርግ ውስጥ ነው። አላባማ ያለውን ተስኪጊንም ከዝርዝር ማውጣት አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1945 ያቋቋመው ፍሬደሪክ ዳግላስ ፓተርሰን ራሱ የእንስሳት ሐኪም ነበር፤ ትምህርት ቤቱም በአሜሪካ ካሉት ጥቁር የእንስሳት ሐኪሞች አብዛኛዎቹን እንዳፈራ ይነገርለታል።

«ሐኪም ከሆነ የሰው ይሁን እንጂ» የሚሉ ወላጆች አሉ። ክፉ ቀንን ያስቡ። እ.ኤ.አ. ከ1888 ጀምሮ በሬውን ፈጅቶ ገበሬውን ያለ ጥማድ ያስቀረው፣ ከዚያም ሕዝቡን በረሃብ የጨረሰው የደስታ በሽታ ነበር። ያ በሽታ ከምድር መጥፋቱ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ክትባቱን የሠሩትና በየበረሃው ይዘው የዞሩት የእንስሳት ሐኪሞችና ረዳቶቻቸው ናቸው።

አገር ቤት ተመርቆ የመጣ ሐኪምስ? ቢሾፍቱም ጎንደርም የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር እውቅና ከሰጣቸው ትምህርት ቤቶች ውስጥ የሉም። ሆኖም ምሩቁ ከኦርጋኒክ ኬሚስትሪ እንደገና መጀመር የለበትም። ማኅበሩ ኢሲኤፍቪጂ የተባለ የውጭ ምሩቃን መርሐ ግብር አለው። ዲግሪን ማስመስከር፣ የእንግሊዝኛ ችሎታ ማሳየት፣ የመሠረታዊና የክሊኒክ ሳይንስ የጽሑፍ ፈተና ማለፍ፣ በመጨረሻም የተግባር ፈተና መውሰድ ነው። የተግባሩ ፈተና ማደንዘዣን፣ ቀዶ ሕክምናን፣ ራጅን፣ የአስከሬን ምርመራን፣ የፈረስ፣ የቀንድ ከብትና የትናንሽ እንስሳት ሕክምናን ያካትታል። ገንዘብም ልምምድም ይፈልጋል፤ ስለዚህ ክሊኒክ ውስጥ በረዳትነት እየሠሩ መዘጋጀት ከሁሉ ይሻላል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው አሜሪካ ተምረው የተመረቁትም የሚቀመጡበት ናቭሌ የተባለው የፈቃድ ፈተናና የግዛቱ የሥራ ፈቃድ ነው።